የርብ ዳር ቆጠራ

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 12 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአያ አንለይ ማረው፣

እንዴት ከርመሃል? እናቴስ እንዴት ናት? ያ የቀኝ ጉልበቷ ተሻላት ወይስ አሁንም በምርኩዝ ነው ቤተ ክርስቲያን የምትስመው? እኔ እግዜር ይመስገን ደኅና ነኝ። ከመሐመድሰዒድ ሱቅ በሾፌር እጅ የላካችሁልኝ ቅቤና በሶ ደርሶኛል። ቅቤው መንገድ ላይ ቀልጦ በሶውን ቢያርሰውም አልተረፈም፤ አብረውኝ የሚያድሩት ተማሪዎች ጣታቸውን እየላሱ የፎገራን ላም ሲመርቁ አመሹ።

ሳልጽፍ ይህን ያህል መቆየቴን ይቅር በለኝ። «ምን ቢያስተምሩህ ነው አንድ ወረቀት መጻፍ ያቃተህ?» ላልኸኝ መልሱ ይኸውልህ። የምማረው የውጭ አገር ቋንቋን፣ ከዚያም ጋር የሰውን ልጅ ታሪክ፣ ሥነ ጽሑፉንና ልማዱን ነው። ጧት ፈረንሳይኛ፣ ከሰዓት በኋላ እንግሊዝኛ፣ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ላቲን የሚሉትን፣ እንደ ግዕዛችን ዛሬ ማንም ገበያ ወጥቶ የማይነጋገርበትን ቋንቋ እንማራለን። የፈረንሳይኛውን ግስ ሲያስወርዱን አንተ ከጎተራው ጥግ አስቀምጠህ ዳዊት ስታስደግመኝ የነበረው ትዝ ይለኛል። ልዩነቱ እዚህ ኩርኩም የለም። አንተ ድቁናህን ትተህ ሞፈር ባትይዝ ኖሮ ይህን ሁሉ በአንድ ክረምት ትጨርሰው ነበር።

ስጨርስ አስተማሪ ወይም አስተርጓሚ እሆናለሁ። ዳኛ አልሆንም፤ ይህን ለእናቴ በቀስታ ንገራት።

አሁን አንድ የማስቸግርህ ጉዳይ አለኝ። ሙሴ ጉስታቭ የሚባል ሽማግሌ ፈረንሳዊ መምህር አለን። ሰው የሌላውን ቋንቋ አወቀ የሚባለው የራሱን ቤት ነገር በዚያ ቋንቋ መናገር ሲችል ነው ይላል። ስለዚህ እያንዳንዳችን ስለ ትውልድ ቀያችን የዘመድ አቆጣጠር ጽፈን፣ በፈረንሳይኛ ተርጉመን፣ በሰኔ እንድናስገባ አዝዞናል። እኔ የርብ ዳሩን መሬታችንን መርጫለሁ። መጀመሪያ ያቀናው ማን ነው? ከማን ለማን እየተላለፈ ለእኛ ደረሰ? በአባታችን በኩል ነው ወይስ በእናታችን? እስከምታውቀው ድረስ ስም በስም ቁጠርልኝ። የዓመቱ ውጤቴ አብዛኛው በዚህ ጽሑፍ የተንጠለጠለ ነው።

የእናቴን ጉልበት ሳምልኝ። ጸሐይነሽንና ልጆቹንም ስለ እኔ ሳማቸው።

ወንድምህ ያየህ


ወረታ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለተማሪ ያየህ ማረው፣

ሁላችንም ደኅና ነን። የእናታችንን ጉልበት ልስም ብጎነበስ «ተነሥ፣ ያንተ ጺም ይዋጋል፣ እሱ ራሱ ይምጣ» አለችኝ። ጓያው ጥሩ ነው። ርብ ዘንድሮ ሜዳውን ሳይለቅ ስለቆየ ሽምብራውን የዘራነው በጭቃ ላይ ነው። ላሞቹ ከደጋው ወርደው ሜዳው ላይ ተሰማርተዋል፤ አንዷ መንታ ወልዳ አገር ሁሉ እያየ እያማተበ ሄደ።

በሾፌሩ እጅ የላክሃትን ሁለተኛዋን ቁራጭ ወረቀትም አይቻታለሁ። «ቆጠራውን ምነው አዘገየኸው?» ትላለህ። በመልሱ ፋንታ እኔ ልጠይቅህ። ይህ ሙሴ የምትለው ሰው ርብ ዳር ምን አለው? ስለ መሬታችን ማን ነገረው? አንተ ነህ ወይስ እሱ ነው ቀድሞ ያነሣው? አምና ሁለት ፈረንጆች ጉማራ ድልድይ ላይ ቆመው በመነጽር ሲቃኙ ዋሉና የሐሙሲት ሰው እስከ ዛሬ ስለ እነሱ ያወራል። ደግሞስ ሰውዬው ካቶሊክ ነው? አንተስ ትጾማለህ? አባ ገብረማርያም «ላቲን የሮማ ቅዳሴ ነው፤ ልጁን ቀስ ብለው እየወሰዱት ነው» ብለውኛል። እውነትም ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ለእናታችን ግን አልነገርኋትም።

ወንድሜ፣ እዚህ አገር ሰው «ትውልድ ቁጠሩልኝ» ሲል ለምን እንደሆነ ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። ለክስ ነው። ሌላ ምክንያት ሰምቼም አይቼም አላውቅም። «ቅድመ አያቴ ማን ይባሉ ነበር?» ብሎ የጠየቀ ሁሉ በዓመቱ ሽማግሌ ሰብስቦ፣ ችካል ይዞ መጥቷል። የነማናዬን ጉድ ታውቀዋለህ። አጎታቸውን «የዘር ሐረጋችንን አጫውቱን» እያሉ ጠላ ሲያጠጡት ከርመው፣ የነገራቸውን ይዘው እሱኑ ከሰሱት። ሰውዬው ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ ጠላ አልቀመሰም። በሚስትና በርስት ቀልድ የለም።

እኔ አንተን እጠረጥራለሁ አላልሁም። ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ። መምህርህ የአገር ነገር ከወደደ ስለ ከብት ጻፍለት። የበሬውን ሁሉ ስም ልዘርዝርልህ፤ ቡሬ አለ፣ ዳለቻ አለ፣ ዳማ አለ። የቀንድ አወጣጡን፣ የሻኛ አቀማመጡን፣ የቱ በቀኝ የቱ በግራ እንደሚጠመድ እነግርሃለሁ። በል ይህን በፈረንሳይኛ ይተርጉመው እስቲ፤ ያኔ መምህርነቱን አምናለሁ።

እናታችን «ይብላ፣ ራሱን ይሸፍን፣ ከማያውቃት ሴት ጋር ፎቶግራፍ እንዳይነሣ» ብላሃለች።

አንለይ


አዲስ አበባ፣ ጥር 4 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለአያ አንለይ፣

ለገና ባለመምጣቴ እናቴ እንዳላዘነችብኝ ተስፋ አደርጋለሁ። የተፈቀደልን ዕረፍት ለመንገዱ እንኳ አይበቃም ነበር።

ስለ ሙሴ ጉስታቭ ለጠየቅኸው፣ ሰውዬው አንድ እግሩን የሚያነክስ፣ ከአንዲት ድመት ጋር ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ነው። ርብ ወንዝ ይሁን ሰው አያውቅም። መሬት ቢሰጡትም የት እንደሚያደርገው አያውቅም። ሃይማኖቱን ጠይቄው አላውቅም፤ እኔ ግን ረቡዕና ዓርብ ምስሬን እበላለሁ፣ ለአባ ገብረማርያም ንገርልኝ። ላቲኑም ቅዳሴ ሳይሆን የጥንት ሰዎች የጦርነትና የሙግት ወሬ ነው። የሙግቱ ብዛት የእኛን አገር ሰው ያስንቃል።

የበሬዎቹን ነገር ለክፍል ጓደኞቼ ሳነብላቸው በጣም ሳቁ። ሙሴ ጉስታቭም ወደደው። ግን «እናንተ አገር የእናት ወንድም ምን ይባላል? የአባት ወንድምስ? መሬት የሚወርሰው ከየትኛው ነው?» ብሎ መልሶ ወደዚያው ገባ። «ሁለቱም አጎት ነው» አልሁት። «የአንተ አጎቶች እነማን ናቸው?» ቢለኝ አንድ ስም መጥራት አቃተኝ። አፈርሁ። ለካ ስለራሳችን የማውቀው ከዚህ አያልፍም። አባታችን የአንበሳሜ ሰው ነበር ትሉኛላችሁ። እናቴም የአንበሳሜ ናት። ታዲያ ርብ ዳር መሬት ከየት አገኘን? የደረሰን በማን በኩል ነው? ይህን እስከ ዛሬ ሳልጠይቅ መኖሬ እኔኑ ይገርመኛል።

አንተ ሥራ ስለበዛብህ ይመስለኛል ያልጻፍህልኝ። ስለዚህ እንዳላስቸግርህ ብዬ ለአባ ገብረማርያም ራሳቸው ጽፌያለሁ። የአጥቢያውን ትውልድ በቃላቸው የሚያውቁ እሳቸው ናቸውና ለዲያቆን እየነገሩ ያስጽፉልኝ ይሆናል። ሕግ የሚማር አንድ ጓደኛ አለኝ፤ አልጋችን ጎን ለጎን ነው። የአንተን ደብዳቤ ባሳየው «ወንድምህ ጨዋታ አዋቂ ነው፣ ግን ለጠየቅኸው አንዱንም አልመለሰም» አለኝ። ሳስበው እውነቱን ነው። እኔ ግን ሥራ በዝቶብህ ነው ብዬዋለሁ።

ያየህ


ወረታ፣ የካቲት 8 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለያየህ፣

«ከምን ደረሰ?» ብለህ ስለጠየቅኸው ስለ ደብዳቤህ ልንገርህ። አባ ገብረማርያም ወረቀቱን ይዘው፣ መስቀላቸውን ይዘው፣ በጠራራ ፀሐይ እኔ ቤት መጡ። ሕጉን ረስተኸዋልና ልንገርህ፤ ቆጠራ የተጠየቀ ሽማግሌ መሬቱን ለሚያርሰው ሰው ሳያስታውቅ አፉን አይከፍትም። በጸሐይነሽ ፊት፣ በልጆቼ ፊት «አንለይ፣ ወንድምህ ሊነቅልህ ነው እንዴ?» አሉኝ። ምን ልበል? «ለትምህርቱ ነው አባ፣ ፈረንጁ አዝዞት ነው» አልሁ። እንዲህ ብዬ ስናገር ራሴን ሰማሁትና ለራሴም ውሸት መሰለኝ። እሳቸውማ ሳቁ። «እኔ እንኳ አፌ የታሰረ ነው፤ ብናገር ነፍሴን እከፍላለሁ» ብለው ወረቀትህን ከምድጃው ጎን አስቀምጠው ሄዱ።

ወሬው ግን አልተቀመጠም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ያየህ ተምሮ፣ የሕግ ሰው አስከትሎ፣ በግንቦት ሊመጣ ነው ይላሉ። ፈረንጅም አለበት ይላሉ። ደረሰ የሚባለው ባለ አዋሳኛችን፣ ሰላም ብሎኝ የማያውቀው ሰውዬ፣ አሁን በሁለት እጁ ይጨብጠኛል፤ «ተማሪያችን እንዴት ነው?» ይላል። «ተማሪያችን» ይበለኝ እንግዲህ! መሐመድሰዒድ እንኳ ደብዳቤህን ሲሰጠኝ ፊቱን ወደ ጨው ከረጢቱ አዙሮ ነው። አንብቦታል አልልም፤ ግን ፖስታውን እንደ ፍም ነው የሚይዘው።

ያየህ፣ አንተ ከሕግ ተማሪ ጎን ትተኛለህ። እኔ ደግሞ ከእርሻ መልስ ከጭቃ ጋር እተኛለሁ። አባታችን ሲሞት አንተ ገና ጥርስህን እየነቀልህ ነበር። ደብረ ታቦር ትምህርት ቤት ያገባሁህ እኔ ነኝ፤ ጎንደር ድረስ ትከሻዬ ላይ ስንቅህን ተሸክሜ ያደረስሁህ እኔ ነኝ። ያን ዓመት በሬዬን ሸጬ በጎረቤት በሬ አርሻለሁ። ይህን የምለው ውለታ ልቆጥርብህ አይደለም። አይ፣ ውለታ ልቆጥርብህ ነው፤ ተናድጃለሁና ልቁጠር!

ነገር አታብዛብኝ። ድርሻህን ትፈልጋለህ? አዎ ወይም አይ በል። ሙሴን፣ ላቲንን፣ የእናት ወንድምን ሁሉ ተውና ይህችን ብቻ መልስልኝ። ለእናታችን ምንም አልነገርሁም፤ «ያየህ ምን አለ?» ስትለኝ «ይጾማል» አልኋት።

አንለይ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 30 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለአቶ አንለይ ማረው፣

ጤና ይስጥልኝ።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብሁት። አንድ ተማሪ ለትምህርቱ የአያቱን ስም ቢጠይቅ ይህ ሁሉ ቁጣ ከየት መጣ? የአባ ገብረማርያም አፍ የታሰረው በምንድን ነው? ማን አሰረው? ምን ተሰጥቷቸው? ቄስ «ነፍሴን እከፍላለሁ» የሚለው ስለ ተራ የመሬት ስም ነው? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላሉ።

ድርሻዬን ጠይቄ አላውቅም ነበር፤ እንደማገኝም አላሰብሁም። አሁን ግን የጠየቅሁት ሁሉ በጨዋታ፣ በውለታና በስድብ ሲመለስልኝ፣ የተደበቀብኝ ነገር እንዳለ ገባኝ። የሕግ ተማሪው ጓደኛዬ «ሰው የማይቆጥርልህ ቆጠራው ወደ አንተ የሚያደላ ሲሆን ነው» ይላል። ለእርስዎ ስል ብዙ ጊዜ ተከራክሬዋለሁ። ከዚህ በኋላ የምከራከርበት የለኝም።

ስለዚህ መልሴ ይህ ነው። ስሞቹን እስከ ፋሲካ ይላኩልኝ። ካልሆነ የአጥቢያ ዳኛው በሽማግሌ ፊት እንዲያስቆጥርልኝ አመለክታለሁ። ከዚያ ድርሻ ይኑረኝ አይኑረኝ ሁላችንም እንሰማለን።

ለእናቴ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

ያየህ ማረው


ወረታ፣ መጋቢት 22 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለያየህ፣

«እርስዎ» አልኸኝ። በሕይወቴ ማንም እንዲህ ሰድቦኝ አያውቅም። ጸሐይነሽ አንብብልኝ ብትለኝ ያንን ቃል ዘልዬ ነው ያነበብሁላት።

ስቆጣ የጻፍሁትን ይቅር በለኝ። ጾም ነው፣ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። የበሬውን ነገር ባላነሣው ይሻል ነበር። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

«እናቴ ለምን ምንም አላለችኝም?» ብለህ በመሐመድሰዒድ በኩል ያስጠየቅኸው እውነት ነው። ሰምታለች። እኔ አልነገርኋትም፤ አባ ገብረማርያም ከኪዳን በኋላ ጠርተው ነገሯት። ለምን ለእሷ እንደነገሩ አትጠይቀኝ። ቤት ገብታ ነጠላዋን ሳትፈታ መደቡ ላይ ተቀመጠች። «ስንት የሚጠየቅ ነገር እያለ ይህን ጠየቀ?» አለች። ከዚያ ወዲህ ዝም ብላለች። ዝምታዋ ግን የቁጣ አይደለም። ትወጣና ርብ ዳር ቆማ ትመለሳለች። አንተን ግን አትጠይቀኝም፤ ትጾማለህ አትጾምም እንኳ አትልም።

ያየህ፣ ልለምንህ ነው። እኔ ሰው ለምኜ አላውቅም፤ ቢገባህ። ለፋሲካ ና። ትምህርቱ የማይፈቅድ ከሆነም አሞኛል በልና ና። እናታችን እግር ሥር ተቀመጥና የምትፈልገውን ሁሉ ጠይቃት። እሷ ከነገረችህ ሁሉም ያልቃል፤ ከዚያ መሬቱን እንካፈል ካልህ እንካፈላለን፣ ልቀቅ ካልኸኝም እለቃለሁ። በደብዳቤ ግን አትጠይቅ፤ በዳኛማ በፍጹም አትጠይቅ። እኔ የምነግርህ ነገር የለም ማለቴ አይደለም። ልነግርህ አልችልም ማለቴ ነው። የኔም አፍ ከአባ ጋር አብሮ የታሰረ ነው። ማን እንዳሰረው አትጠርጥር፤ በገንዘብ አይደለም፣ በጠላም አይደለም። ና ብቻ።

ወንድምህ አንለይ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለአቶ አንለይ ማረው፣

ለፋሲካ እንድመጣ ለጋበዙኝ አመሰግናለሁ። ለሚቀጥለው ፈተና ስለምዘጋጅ አልመጣም። እውነቱን ለመናገር ፈተና ባይኖርም አልመጣም ነበር። ሰው በወረቀት ሊጽፈው የማይችለውን ነገር ቤት ጠርቶ፣ እናት አስለቅሶ፣ ሽማግሌ ደርድሮ ማስማማት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አንዴ «እሺ» ካልሁ ነገሩ ተቀበረ ማለት ነው።

ማመልከቻዬን ለአጥቢያ ዳኛው ልኬያለሁ። ቆጠራው በአደባባይ ይሁን።

ያየህ ማረው


አንበሳሜ፣ ግንቦት 14 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለያየህ፣

«ዳኛው ቀጠሮ ሰጠ ወይ? ምነው ሁላችሁም ዝም አላችሁ?» ብለህ የጻፍኸው ወረታ ቆይቶ፣ መሐመድሰዒድ በሐሙሲት ነጋዴ እጅ እዚህ ላከልኝ። ዝም ያልነው ስንጓዝ ስለነበር ነው። ከእንግዲህ ወረታ የለንም።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ በነበረው ሰኞ ዳኛው ዋርካው ሥር ሰበሰበን። የቀረ ሰው የለም፤ ከሬሳም ከሠርግም ይልቅ ሰው ለዚህ ተሰብስቧል። ማመልከቻህን አነበበው። ጽሕፈትህ ያምራል፤ ያስተማርሁህ እኔ ነኝ። ከዚያ አባ ገብረማርያምን «ይቁጠሩ» አላቸው። እሳቸውም ተነሥተው «አፌ የታሰረው በራሴ ግዝት ነው፤ ያስገዘተችኝ ካልፈታችው አልናገርም» አሉ። ሰዉ ወደ እኔ ዞረ። ሌባ እንደሚታይ ነው ያዩኝ፤ ያየህ፣ ያን ዓይን እስክሞት አልረሳውም።

ያን ጊዜ እናቴ ተነሣች። ጉልበቷን ደግፌ ላስነሣት ብል እጄን መለሰችው። የተናገረችውን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፍልሃለሁ።

«ግዝቱን ያስገዘትሁ እኔ ነኝ፤ እኔው ፈታሁት። ያየህን የወለደችው ደብሬ ቸኮል ናት። ማረው እኔን ፈትቶ ወደዚህ መጣና እሷን አገባ፤ እኔ አንለይን ይዤ አንበሳሜ ከአባቴ ቤት ተቀመጥሁ። እሷ በአራስነቷ ሞተች። ማረው ልጁን በጋቢ ጠቅልሎ ደጄ ላይ ቆመ። የማን ልጅ እንደሆነ አውቄያለሁ። ተቀበልሁት። ላም እያለብሁ በጥጥ እያጠባሁ አሳደግሁት። ኋላ ከማረው ጋር ወደዚህ አገር ስመጣ አባን አንድ ነገር ለመንኋቸው፤ በዚህ አጥቢያ ማንም ሰው ይህን ልጅ የእንጀራ ልጅ ብሎ እንዳይጠራው ይገዝቱልኝ አልሁ። ገዘቱልኝ። እናንተም ጠበቃችሁልኝ፤ እግዜር ይስጣችሁ። መሬቱ የደብሬ ነው፤ ከሷ ለሱ ነው። የኔም የአንለይም እጅ የለበትም። ይኸው ተቆጠረ።»

ዳኛው ብዕሩን አነሣና «እንግዲያ እርስዎ ለአመልካቹ ምኑ ነዎት?» አላት።

«በቆጠራ ባዳ ነኝ» አለች። ዳኛው ጻፈው።

ከዚያ አባ ገብረማርያም የቀረውን ቆጠሩ። ለመምህርህ ጻፍለት። ደብሬን የወለደ ቸኮል፣ ቸኮልን የወለደች ወለተ ማርያም፣ ወለተ ማርያምን የወለደ አስረስ፣ አስረስን የወለደ ርብ ዳርን መንጥሮ ያቀናው ውብነህ። ሰዉ በየስሙ «እውነት ነው» ይል ነበር። ደረሰም የደብሬ ወንድም ነው፤ አጎትህ ነው። ግዝቱ አፉን ይዞት በአዋሳኝ ሆኖ ስናርስ ሲያየን ኖሯል። የእናት ወንድም ማን እንደሆነ ጠይቀኸኝ ነበርና መልሱ ይኸው።

እኔም ንጹሕ ነኝ አልልህም። መጀመሪያ ስትጠይቀኝ የታየኝ መሬቱ ነው፤ መሬቱን ሳጣ ልጆቼን ምን እንደማበላ እያሰብሁ ነበር የምቀልድብህ። ግዝቱ መደበቂያ ሆነልኝ። ኋላ ላይ ግን፣ እሷ ርብ ዳር እየቆመች ስትመለስ ሳይ፣ መሬቱ ከሐሳቤ ወጣ። «ለፋሲካ ና» ያልሁህ ከሷ አፍ፣ ከሷ ቤት፣ ብቻህን እንድትሰማው ነበር። እሷም ያን ቀን ልትነግርህ ነጠላዋን አጥባ አዘጋጅታ ነበር።

ማንም ልቀቁ አላለንም። ደረሰ እንኳ «ክረምቱ ይለፍ» አለ። እሷ ናት «በሰው ርስት ላይ አልሞትም» ያለችው። መሐመድሰዒድ በጨው መኪና እስከ ሐሙሲት አደረሰን፤ ኪራይ አልተቀበለም። አሁን የአጎቴን መሬት በእኩል፣ ምርቱን ለሁለት እየተካፈልን፣ አርሳለሁ። ልጆቹ ጭቃ የሌለበት አገር መጥተው ግር ብሏቸዋል።

«ለያየህ ምን ብዬ ልጻፍ?» አልኋት። እጇን አወናጭፋ ወደ ጓዳ ገባች።

አንለይ


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 29 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለአያ አንለይ፣

አያ ብዬ እንድጠራህ ትፈቅድልኝ እንደሆነ አላውቅም። ፈቀድህም አልፈቀድህም ሌላ የምጠራህ ስም የለኝም።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ጀምሮ ብዙ ጀምሬ ቀድጃለሁ። አፍሬያለሁ፤ ይህን በሌላ ቃል ልጽፈው አልችልም። ለምነኸኝ ነበር፤ እኔ ግን ወጥመድ ነው ብዬ ሳቅሁብህ። የሕግ ተማሪው ጓደኛዬ «እንግዲያ መሬቱ የአንተ ነው፣ ረታህ» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አልጋዬን ወደ ሌላ ክፍል ወስጃለሁ። ጥፋቱ የሱ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ሙሴ ጉስታቭ ጽሑፌን ጠየቀኝ። አልጨረስሁትም አልሁት። «ስሞቹን አላገኘህም?» አለኝ። አገኘሁ አልሁ፤ ከዚያ በላይ አልጠየቀኝም። ዜሮ ይስጠኝ። ለዳኛውም ማመልከቻዬን አንሥቻለሁ ብዬ ጻፍሁ፤ የተቆጠረ አይመለስም ብሎ መለሰልኝ። ለደረሰም ጻፍሁ። አጎቴ ብዬ ጀመርሁና መሬቱን አንለይ ይረስልኝ አልሁት፤ እስከ ዛሬ መልስ የለውም። አንተስ ልመለስ ብትል እሷ እሺ ትላለች? ይህንንም እኔ አላውቅም።

የደብሬ መቃብር የት እንደሆነ አንድ ቀን ታሳየኛለህ። አሁን ግን የማስበው ስለ እሷ አይደለም፤ ይህም ኃጢአት ከሆነ አባ ይፍቱኝ።

ፈተናዬ እንዳለቀ አውቶቡስ እሳፈራለሁ። ወረታ አልደርስም፤ ሐሙሲት ወርጄ በእግሬ ወደ አንበሳሜ እመጣለሁ። መንገዱን አላውቀውም፣ ሰው እየጠየቅሁ እደርሳለሁ። የሚያስጨንቀኝ የደረስሁ ጊዜ ያለው ነገር ነው። ከአጥሩ በር ቆሜ «ቤቶች!» ስል የምትወጣው እሷ እንደሆነች አውቃለሁ። ዓይኗ ስለደከመ ከሩቅ አትለየኝም፤ ውሻውን ይዛ «ማነህ?» ትላለች። እስከ ዛሬ «ልጅሽ ነኝ» እያልሁ ነበር የምገባው።

አያ፣ ከመነሣቴ በፊት ጻፍልኝ። «ማነህ?» ስትለኝ ምን ልበላት?

ያየህ